ቤቱ ታደሰ፤ ነዋሪውስ?

ፈረንሳይ ውስጥ ኦራንዥ በምትባል ከተማ ሮማውያን የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሠሩት ቴአትር ቤት አለ። የመድረኩ የኋላ ግንብ ርዝመት ከ100 ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1869 የተጀመረ የሙዚቃ በዓል ዛሬም በየበጋው ይካሄድበታል። ይህ ሲወራ የሚዘለል ነገር አለ። የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ ሰዎች እዚያው ቴአትሩ ውስጥ ቤት ሠርተው ገቡ፤ ለዘመናት ተወለዱበት፣ ሞቱበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን “ቅርሱ ይታደስ” ሲባል ቤቶቹ ፈረሱ።

ደግ ተሠራ? ድንጋዩን ላየ፣ አዎ። ሰዎቹስ ወዴት ሄዱ?

አሶሳ እንዲህ ያለ የድንጋይ ቴአትር የላትም። በርታዎች ግን ዙምባራ አላቸው፤ ከቅል እየተገጣጠመ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ ዙምባራ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው እያንዳንዱ ነፊ ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ ሲጥልበት ነው። እንግዲህ ዙምባራን ብቻውን የሚችል ሰው የለም ማለት ነው፤ ሌላው ሕዝብ ደግሞ ቆሞ አያይም፣ አብሮ ይጨፍራል።

በ2007 ዓ.ም. 9ኛው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን አሶሳ ላይ ተከብሯል። እንዲህ ባለው በዓል ሁሉም ደቂቃ ተቆርጦለት ይወጣል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይወርዳል። የኦራንዦቹ ቤታቸው ፈርሶ ነው የወጡት፤ የእኛዎቹን ከገዛ ጨዋታቸው የምናስወጣቸው በጭብጨባ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

እንዲህ ስል ግን ራሴን እታዘባለሁ። መድረክ ባይኖር እንደኔ ያለው ከተሜ ዙምባራን የት ይሰማው ነበር?

ደግሞም መታደስ ሁሉ ማስወጣት አይደለም። ጎንደር የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ጥገና ተደርጎለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ ጋር ስሙ ይነሣል። ጥምቀት ሲደርስ ግን ውኃ ይሞላል፣ ጎረምሳው ዘሎ ይገባል። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሣል፤ እሱ ግን ለቱሪስት ብሎ አልዘለለም። ካሜራው ቢቀርም ይዘላል!

ዙምባራም የራሱ ጥምቀት አለው፦ መኸሩ፣ የመንደሩ ጨዋታ። በጀት ያለው ሰው ምክር ቢጠይቀኝ አዳራሽ ሥራ አልለውም። ቅል መገጣጠም ከሚያውቁት ሽማግሌ ሥር ልጆች የሚቀመጡበትን መላ ፈልግ እለዋለሁ። አንድ ጎበዝ ልጅ መርጦ ማሠልጠን እዚህ አይሠራም፤ አንድ ልጅ አንድ ድምፅ ነው። ቅሉም ቢሆን መጀመሪያ መዘራት አለበት።