ታማኝ አምበል «ባለ ገድል» ሊባል ይገባዋልን?



በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በኦቶና አካባቢ የሚኖሩ ጥቂት የቁምስናችን ወጣቶች ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ሲከራከሩ ሰማሁ። ጉዳዩ የእግር ኳስ ነበር። አንደኛው ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ ማልያ ሳይለውጥ በአንድ ክለብ ብቻ የተጫወተውን አንድ አምበል እያነሣ «እርሱ እውነተኛ ሌጀንድ ነው» ይላል። ሁለተኛው ግን «የረባ ዋንጫ ሳያነሣ እንዴት ሌጀንድ ይባላል? የሚፈልገው ሌላ ክለብ ስላጣ ቀረ እንጂ ታማኝ ሆኖ ነውን?» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ አልበርድ ሲል ወደ እኔ ዘወር ብለው «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዳኙን» አሉኝ። በዚያች ሰዓት አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላቸውም፤ ጥያቄው ግን እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

አንዳንዶቻችን «ይህ የልጆች ወሬ ነው፤ ለመጽሔታችን ገጽ አይመጥንም» እንል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። አንድ ሕዝብ ማንን «ታላቅ» ብሎ እንደሚጠራ ከታወቀ፣ ልጆቹ ነገ ምን ለመሆን እንደሚመኙ አብሮ ይታወቃል። ስለዚህ የስም አሰጣጥ ጉዳይ የፍትሕም ጉዳይ ነው። የክብርን ስም ለማይገባው መስጠት ሐሰት ነው፤ ለሚገባው መንፈግ ደግሞ ዕዳን አለመክፈል ነው።

ስለ ቃሉ

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። ወጣቶቻችን ከስፖርት ዜና የለመዱት «ሌጀንድ» የሚለው ቃል መነሻው ላቲን ሲሆን፣ ትርጉሙም «ሊነበብ የሚገባው» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ በቅዱሳን በዓል ቀን ይነበብ የነበረው የሕይወት ታሪካቸው በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዶሚኒካዊው ያዕቆብ ዘቮራጂኔ ያዘጋጀው የቅዱሳን ታሪክ ስብስብ «የወርቅ ሌጀንዳ» እየተባለ የታወቀውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ቃሉ ከጊዜ በኋላ እየሰፋ ሄዶ ለተረት፣ ቀጥሎም ለዝነኛ ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

እኛም ለዚሁ ነገር የራሳችን ቃል አለን፤ ይኸውም «ገድል» ነው። ገድል ከግዕዙ «ተጋደለ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ ትግልን፣ ፉክክርን፣ እስከ መጨረሻው መጽናትን ያመለክታል። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ክርስቲያናዊ ሕይወት ሲያስተምር በሩጫ ሜዳ ስለሚሽቀዳደሙትና ለአክሊል ስለሚታገሉት ምሳሌ መስጠቱን ካቴኪስቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። እንግዲህ የስፖርት ሜዳና ገድል ቀድሞውንም እንግዶች አይደሉም።

ገድል ስለ አንድ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል። «ምን ተሸከመ?» ይላል፤ ቀጥሎም «ስለ ማን ተሸከመው?» ይላል። ደግሞም ገድልን ባለቤቱ ስለ ራሱ አይጽፈውም፤ ሌሎች ይጽፉለታል እንጂ። የወጣቶቹን ክርክር በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብንመዝነው መንገዱ የሚቀናልን ይመስለኛል።

መቆየት ብቻውን ታማኝነት ነውን?

ሁለተኛው ወጣት የተናገረው ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም። ድንጋይም በቦታው ይቆያል፤ ነገር ግን ታማኝ አይባልም። መቆየት ታማኝነት የሚሆነው ሌላ በር ተከፍቶ ሳለ፣ መቆየቱም ዋጋ እያስከፈለ ሳለ የቆዩ እንደ ሆነ ነው።

ጣሊያናዊው ፓዎሎ ማልዲኒ ከ1985 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ለኤሲ ሚላን ብቻ ተጫውቷል፤ ከ900 በላይ ጨዋታዎችን አድርጎ የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ አምስት ጊዜ ወስዷል። የዚህን ሰው ታላቅነት የሚጠራጠር የለም። ይሁን እንጂ ባለጸጋ ከሆነና ዘወትር ከሚያሸንፍ ክለብ ጋር መቆየትና፣ ደመወዝ ሲዘገይ፣ ቡድኑም ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርድ አብሮ መቆየት አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። በሁለተኛው ውስጥ ማንም ያላጨበጨበለት ገድል ሊኖር ይችላል።

በአንጻሩም መሄድ ሁሉ ክሕደት አይደለም። የእግር ኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ ብዙዎች 35 ዓመት ሳይሞላቸው ሜዳውን ይሰናበታሉ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ሲወሰን ብዙ ክርክር መነሣቱን እናስታውሳለን። በዚያች አጭር ዘመን ውስጥ ወላጆቹን የሚጦር፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ልጅ፣ የተሻለ ወደሚከፍለው ክለብ ቢሄድ «ከዳን» ልንለው አይገባንም። ምናልባት ከክለቡ ለሚቀድም ግዴታ ታማኝ ሆኖ ይሆናል። ደጉ ደበበ ለረጅም ዓመታት በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫውቷል፤ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫም የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ነበር። ይኸው ሰው በኋላ የወላይታ ድቻን ማልያ ለብሶ በመካከላችን ተጫውቷል። ወደ እኛ የሚመጣውን በደስታ የምንቀበል ከሆንን፣ ከእኛ የሚሄደውን ስለ ምን እንረግመዋለን? ሚዛኑ ለሁለቱም አንድ ሊሆን ይገባዋል።

አምበልነት ስለ ማን ነው?

አምበል ማለት በዳኛ ፊት ስለ ቡድኑ የሚናገር፣ በሽንፈትም ቀን ለወቀሳ ቀድሞ የሚቆም ሰው ነው። በክንዱ ላይ የሚያስረው ጨርቅ ስለ ሌሎች ኃላፊነት የመውሰድ ምልክት ነው። ይህን ከአገራችን ታሪክ አንድ ቀን ወስደን እንመልከት።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ 23 ዓመት ያህል ተጫውተዋል። ከእነዚህም ዓመታት አምስቱ የፋሺስት ወረራ ዓመታት ነበሩ። ለአንድ ክለብ በመታመን ቢሆን ከእርሳቸው የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን እርሳቸውን ባለ ገድል የሚያሰኛቸው የዓመታቱ ብዛት አይመስለኝም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ ተደረገ። የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው፣ አምበሉም ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ሉቻኖ በአሥመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ፣ በድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብም የተጫወተ ሰው ነው። ከጨዋታው በፊት «የባዕድ ስም ያለው ክልስ ሰው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ ሊቀበል አይገባም፤ አምበልነቱ ለሌላ ይሰጥ» ያሉ ሹማምንት እንደ ነበሩ፣ አቶ ይድነቃቸውም አሻፈረኝ ብለው አምበላቸውን እንዳልለወጡ በተደጋጋሚ ይነገራል።

ጨዋታው ሲጀመር ግብፆች መሩ፤ የእኛዎቹ አቻ ቢሆኑም ግብፆች ወዲያው ዳግመኛ መሩ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሁለት እኩል ያደረገው ያው ሊሻር የነበረው አምበል ነበር። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ግብ አስቆጠሩና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ሉቻኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አቶ ይድነቃቸው በ23 ዓመት የታማኝነት አገልግሎት ያከማቹትን ክብር ለራሳቸው አላስቀመጡትም፤ ለሌላው ሰው መብት አወጡት እንጂ። በኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው፣ የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት በዓለም አቀፍ ስፖርት ውስጥ ቦታ እንዳያገኝ በጽናት ተሟግተዋል። በአንድ ቀን ለአንድ አምበል የቆሙበት መርሕ፣ ለብዙ ሚልዮን ሕዝብም የቆሙበት መርሕ ሆነ።

ሉቻኖስ? እርሱ የአንድ ክለብ ሰው አልነበረም፤ በአሥመራም በድሬዳዋም ተጫውቷል። ከአብዮቱ በኋላ አገር ለቅቆ ወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በጣሊያን አገር በ87 ዓመቱ አረፈ። የመንግሥቱ ወርቁን ስም ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘችውን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ያነሣውን አምበል ስም የሚያውቁት ግን ስንቶቹ ናቸው? ተጫዋቹ ለክለቡና ለአገሩ ታማኝ እንዲሆን አጥብቀን እንጠይቃለን። ክለቡና አገሩ ለተጫዋቹ ታማኝ ስለ መሆናቸው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ታማኝነት ከሁለት ወገን ካልሆነ በአንደኛው ትከሻ ላይ የተጫነ ሸክም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የሕዝብ ጭብጨባና የጊዜ ፍርድ

«ዋንጫ ያላነሣ እንዴት ይባላል?» ለሚለውም መልስ አለን። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ተሸነፉ፤ ይሁን እንጂ ስማቸው በወላይታ ሕዝብ አፍ እስከ ዛሬ ይኖራል። ሕዝቡ ያስታወሳቸው ስላሸነፉ ሳይሆን ስለ እርሱ ስለ ቆሙ ነው። እንዲሁም በ2001 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ድቻ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነውን ዛማሌክን በካይሮ በመለያ ምት ጥሎ ሲያልፍ፣ ዋንጫ አላመጣም፤ በሚቀጥለው ዙርም ወድቋል። ሆኖም ያን ምሽት በሶዶ የረሳው ማን ነው? ያም የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ ግብ ጠባቂውም፣ ተከላካዩም፣ ምቱን የመታውም፣ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ ልቡ የተሰቀለውም ድርሻ ነበራቸው።

የሕዝብ ጭብጨባ ደግሞ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ከላይ የጠቀስነው ማልዲኒ ከ24 ዓመት አገልግሎት በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. በሜዳው ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰናበት፣ ከገዛ ክለቡ ደጋፊዎች ከፊሎቹ በፉጨት ተቃውመውታል። ዛሬ «ሌጀንድ» ያለ አፍ ነገ አንድ የመለያ ምት ሲስት ይሳደባል። ቤተ ክርስቲያን አንድን ሰው ብፁዕ ወይም ቅዱስ ለማለት የሚደረገውን ምርመራ ለመጀመር በመደበኛው ሥርዓት ከሞቱ በኋላ አምስት ዓመት እንዲቆይ የምታዝዘው፣ የስሜት ትኩሳት በርዶ እውነቱ እንዲጠራ ነው። አምበልን ከቅዱሳን ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ ትልቅ ስም ከጊዜ ጋር ሊመከር እንደሚገባው ግን ከዚህ ጥበብ እንማራለን።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሰውየው እስኪሞት ዝም እንበል ማለት ነውን?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም እንላለን። ስምና ምስጋና ሁለት ነገሮች ናቸው። ስሙ ይቆይ፤ ምስጋናው ግን አይቆይ። የሉቻኖ ታሪክ የሚወቅሰን የማዕረግ ስም ስላዘገየንበት አይደለም፤ ምስጋናችን በሕይወት ሳለ በሚገባ ስላልደረሰው ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። አዎን፣ ታማኝ አምበል ባለ ገድል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ዓመታቱን ብቻ ቆጥራችሁ አትስጡት፤ ዋንጫ ስለ ሌለውም አትንፈጉት። መሄድ ሲችል ለምን ቆየ? በመቆየቱ ምን ከፈለ? በክንዱ ያሰረውን ጨርቅ ለራሱ ክብር ተጠቀመበት ወይስ ታናሹን ተጫዋች ከበደል ጠበቀበት? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ መልካም ሆኖ ካገኛችሁት፣ ገድሉ ሊነበብ ይገባዋል፤ እናንተም አንብቡት፤ ለታናናሾቻችሁም ንገሩ።

ለእኛም ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የሚተርፍ ነገር አለ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም የገጠር ትምህርት ቤቱን ያልተወ መምህር፣ በየሳምንቱ ጭቃ እየረገጠ ወደ ሩቅ ጸሎት ቤት የሚሄድ ካቴኪስት፣ አሮጌ ኳስ እየሰፋ የሰፈር ልጆችን የሚያሠለጥን ሰው በመካከላችን አሉ። ስታዲየም አያጨበጭብላቸውም። ማልያቸው ላይ ቁጥር የለም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእነርሱ አንዱን አግኝተን «ስለ ቆዩልን እናመሰግንዎታለን» ብንለው፣ ከዕዳችን ጥቂቱን እንደ ከፈልን ይቆጠርልናል።