«ተሻለኝ» ማለትና መሻል

በሽተኛ «ተሻለኝ» ሲል ሁላችንም ደስ ይለናል፤ አላህንም እናመሰግናለን። ለመሆኑ «ተሻለኝ» ማለትና በእርግጥ መሻል ሁልጊዜ አንድ ናቸውን?

አዲስ መድኃኒት ሲፈተሽ በሽተኞች በዕጣ ይከፈላሉ። ከፊሎቹ መድኃኒቱን፣ ከፊሎቹ ደግሞ መልኩ መድኃኒት የሚመስል፣ ውስጡ ግን ፈዋሽ ነገር የሌለበት ክኒን ይወስዳሉ። ይህ ባዶ ክኒን ፕላሴቦ ይባላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከመቶ 35 ያህሉ በሽተኞች በፕላሴቦ እፎይታ እንዳገኙ ገልጸው ነበር።

ይሁንና እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ጉንፋን የያዘው ሰው ክኒን ዋጠም አልዋጠም ከቀናት በኋላ ይሻለዋል። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሕመሙ ሲበረታበት ነው፤ የበረታ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ስለነጋ ዶሮው አነጋው አይባልም። ስለዚህ የፕላሴቦን ጉልበት ለመለካት ምንም ያልተሰጣቸውን በሽተኞችም ማየት የግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ የቦስተን ጥናት ይህንኑ አደረገ። የአስም ሕመምተኞች በተለያዩ ቀናት በአፍ የሚሳብ እውነተኛ መድኃኒት፣ ባዶ የሆነ የሚሳብ መድኃኒት፣ የማስመሰያ የመርፌ ሕክምና ተሰጣቸው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ምንም ሳይሰጣቸው ቆዩ። «ምን ያህል ተሻላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ለእውነተኛው 50፣ ለባዶው 45፣ ለመርፌው 46፣ ምንም ላልተሰጠበት ቀን 21 ከመቶ ሆነ። ትንፋሻቸው በመሣሪያ ሲለካ ግን በእውነተኛው መድኃኒት 20 ከመቶ ሲሻሻል፣ በሦስቱ በሌሎቹ 7 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ዋሽተዋልን? አልዋሹም። ጭንቀታቸው በእርግጥ ቀሏል፤ የትንፋሽ ቧንቧቸው ግን በዚያው ልክ አልተከፈተም። ሁለቱም እውነት ነው። አደጋው አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ነው፤ አስም ያለበት ልጅ «ቀለለኝ» ስላለ መድኃኒቱን ቢከለከል ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላልና።

ሌላው ጥያቄ የእምነት ጉዳይ ነው። በጥናት ላይ በሽተኛው ባዶ ክኒን ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮት ከተስማማ አልተታለለም። ሐኪም ግን ለታመመ ሰው ባዶ ክኒን በድብቅ ሰጥቶ «ይህ ፍቱን መድኃኒት ነው» ቢለው አማናን ያጎድላል። «ታዲያ እውነቱ ከተነገረው ይጠቅመዋልን?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በ80 የአንጀት ሕመምተኞች ላይ ይህን ፈትኗል። ክኒኑ ፈዋሽ ነገር እንደሌለበት በግልጽ የተነገራቸው፣ ሦስት ሳምንት ወስደው ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ እፎይታ ማግኘታቸውን ተናገሩ። የተለካው በራሳቸው አንደበት መሆኑ ባይዘነጋም፣ ማጽናናት የግድ ውሸትን እንደማይሻ ያመለክታል።

በመሆኑም በሽተኛ ስንጠይቅ መልካም ቃል አንንፈገው፤ ሸክሙን ያቀልለታልና። የጀመረውን ሕክምና እንዲተው ግን አንገፋፋው። ማጽናናትም ማከምም የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ እውነት ደግሞ ከሁለቱም ጋር ልትኖር ይገባል።