የሰነፍ ጓሮ

በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ስሙና መልኩ አይገጥሙም። ስሙ የተራራ ግርጌ ማለት ነው፤ መሬቱ ግን ሜዳ ነው፣ ተራራውም ሰማዩ ሲጠራ በምዕራብ በኩል ከሩቅ ይታያል እንጂ እዚያ የለም። መጋዘን፣ የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ የብረታ ብረት ሥራ፣ የባቡር ሐዲድ የሞላበት፣ ሰው ሠርቶ የሚሄድበት ሰፈር ነው። ቢሆንም ይበቅልበታል። በአስፋልቱና በአጥሩ መካከል በተረፈችው፣ በብርዱ ወራት የመንገድ ጨው በሚረጭባት ስስ መሬት ላይ በበጋቸው አንድ የዱር ገብስ ብቅ ይላል፤ ጢሙ እንደ ሐር ያብረቀርቃል። የዘራው የለም፣ የሚያጠጣውም የለም። የአገር ቤት ገበሬ ቢያየው ዘመድነቱን ገና ከሩቅ ይለየዋል።

በዚህ ሰፈር ከሚሠሩት ሐበሾች አንዱ ይታሰብ። ስም አያስፈልገውም፣ እንደሱ ያለው ብዙ ነው። ማታ ገብቶ ሲነጋ ይወጣል፤ ወይ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ ወይ ቆሞ ካርቶን ሲደረድር ያድራል። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ቤት ገዝቷል። ቤቱ ጓሮ አለው፣ ጓሮው ሣር ነው። እናቱ በስልክ ስታገኘው ከጤናውና ከልጆቹ ቀጥላ የማታልፈው ጥያቄ አላት። «መሬት አለኝ ብለኸኝ አልነበር? ምን ተከልክበት ልጄ?»

«ሣር ነው እማ።»

«ሣርማ ለየትኛው ከብት?»

መልስ የለውም። እውነቱ ሲነገር መትከል አይፈልግም። ወገቡን ያመዋል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፤ የተረፈችው ሰዓት የእንቅልፍ ናት። እንዲህ ያለ ሰው መሬት ይዞ ባይተክል ማንን በደለ?

የከተማው አስተዳደር በበኩሉ መልስ አለው። የካልጋሪ ደንብ የግቢ ሣር ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዲያድግ አይፈቅድም፤ ጎረቤት ከጠቆመ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ደንቡ የሚያየው ላዩን ነው። አፈሩ ቢሞት፣ ከሥሩ ደረቅ ሸክላ ብቻ ቢቀር፣ ሣሩ እስካጠረ ድረስ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ደግሞ ከከተማው ዋና ዋና የውሃ ማስተላለፊያ ቧንቧዎች አንዱ ሲፈነዳ ግቢ ማጠጣት ለሳምንታት ተከለከለ። አምና ሣሩን አደረቀ ተብሎ የታማ ሰው ዘንድሮ ጨዋ ዜጋ ሆነ። እንዲህ በአንድ ቧንቧ የሚገለበጥ ግዴታ ለመሬቱ ተብሎ የወጣ አይመስልም።

የሃይማኖቱ መልስ ከዚህ ይጠልቃል። ኦሪት ዘፍጥረት ስለ ሥራ ሁለት ጊዜ ይናገራል። ላቡና እሾኹ የመጡት ከውድቀት በኋላ ነው፤ አዳም ግን ከዚያም በፊት በገነት ሥራ ነበረው፣ ማበጀትና መጠበቅ። እንግዲህ ድካምን የጠላ ሰው የጠላው እርግማኑን ነው፤ የመጀመሪያውን ሥራ ገና አልሞከረውም። ይህ «መጠበቅ» የሚለው ቃል ደግሞ በአማርኛ ሁለት ነገር አዝሏል። ዘበኛ ይጠብቃል፤ እንግዳ የሚመጣበት ሰውም ይጠብቃል። አንደኛው በእጁ ካለው ላይ ዐይኑን አይነቅልም፣ ሁለተኛው የሌለው እስኪመጣ መንገድ መንገዱን ያያል። ስደተኛ ሁለተኛውን ተክኖበታል። ወረቀት ይጠብቃል፣ ቤተሰቡ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ አገር እስኪረጋጋ ይጠብቃል። እንዲህ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ያለበትን ቦታ የመጠበቅ ልማድ ባያወጣ አይፈረድበትም፤ ወይም ቶሎ አይፈረድበትም።

ድካም የጠሉ አትክልተኞች በሌላው ዓለምም ነበሩ። አሜሪካዊቷ ሩት ስታውት እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመችው መጽሐፍ ወገብን ሳያሳምሙ ማልማት እንደሚቻል አስተማረች። ዘዴዋ መሬቱን ዓመቱን ሙሉ በወፍራም ድርቆሽ ሸፍኖ መተው ነው፤ መቆፈር ይቀራል፣ አረሙም ብርሃን ስለሚያጣ ይመነምናል። የአገር ቤት የግብርና ባለሙያዎች ጉዝጓዝ ይሉታል። ለበዓል ቤት ውስጥ የሚነሰነሰውም ሣር ስሙ ያው ነው።

ጃፓናዊው ማሳኖቡ ፉኩኦካ ደግሞ አለማድረግን ፍልስፍና አደረገው። ስለ እርሱ የሚወራው ግን ብዙውን ጊዜ ግማሹ ነው። ራሱ እንደተረከው፣ በወጣትነቱ የአባቱን የመንደሪን ዛፎች ተፈጥሮ ታውቅበታለች ብሎ ሳይገርዝ ተዋቸው። ቅርንጫፎቹ ተጠላለፉ፣ ተባይ ወረራቸው፣ ዛፎቹ ደረቁ። አለመንካትና ጥሎ መሄድ የተለያዩ መሆናቸው የገባው ያን ጊዜ ነው። ሰው ሲገርዘው የኖረ ዛፍ ሰው ለምዷል፤ አንድ ቀን ድንገት ቢተዉት ነጻ አይወጣም፣ ይሞታል እንጂ።

የመጋዘኑ ሰው ጓሮም እንዲሁ ነው። ዝም ቢለው ወደ ጥንቱ የሜዳ ሣር አይመለስም። መጀመሪያ የሚገባው የካናዳ እሾኽ የሚባለው አረም ነው፤ በነገራችን ላይ ስሙ ነው እንጂ የካናዳ ተወላጅ አይደለም፣ ከአውሮፓ የመጣ ነው። እሾኹ በዚያ አጥር አይቆምም፣ ዘሩ ወደ ጎረቤት ይበራል። ስለዚህ «ማንን በደለ?» ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ አንድ ስም ተገኘ ማለት ነው።

ሌላ ስምም አለ። ሰውየው ጓሮ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለች። «እኛ ቤት ዝም ብሎ ይበቅል ነበር» ይላል። ጎመኑ፣ ጌሾው፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ ለምች ዳማከሴው። ዝም ብሎ አልበቀለም። እናቱ ከምድጃ ወደ ጓሮ ስትመላለስ የደፋችው አመድ፣ የዕቃ እጣቢ፣ ከበረት የዛቀችው ፍግ ነው ያበቀለው። ልጅ ሆኖ ያላየው ድካም የሌላ ሰው ድካም ነበር። አሁንም በካልጋሪ እሱ ከአዳር ሥራ መጥቶ ሲተኛ፣ ባለቤቱ የራሷን ሥራ ጨርሳ ገብታ ጎማውን ይዛ ብታጠጣ፣ እሱ «ያለ ብዙ ልፋት» ያለማል ማለት ነው። ለልፋት አልባ ጓሮ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ይህን ጥያቄ ይዘለዋል፤ ልፋቱ ከማን ትከሻ ወርዶ ማን ላይ ተጫነ? ምንም ያልተከለ ሰውም ከጥያቄው አያመልጥም። ከሱቅ የሚገዛውን አትክልት የሚለቅም ሰው አለ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ከጃማይካ፣ ለእርሻ ወቅት ብቻ የሚመጡና ወቅቱ ሲያልቅ የሚመለሱ ሠራተኞች ታስገባለች።

እንግዲህ በእውነት ልፋት የሚቀንሰው ምንድን ነው? ቲማቲምና ቃሪያ አይደሉም። ካልጋሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ውርጩ እስከ ሜይ መጨረሻ ይቆያል፣ በሴፕቴምበር ይመለሳል። ነባሮቹ በሜይ ካለው የቪክቶሪያ ቀን በዓል በፊት ችግኝ አታውጣ ይላሉ። ከማርች ጀምሮ በመስኮት ሥር ችግኝ ማሳደግ፣ ቀን ማውጣት፣ ማታ ማስገባት፣ ውርጭ ሲመጣ አንሶላ ማልበስ አለ። ይህ ሁሉ ተደርጎም እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2020 ብዙ ስደተኛ በሚኖርበት ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ የወረደው ዓይነት በረዶ ይመጣል፤ የዚያን ዕለቱ የመኪና መስተዋት ሰብሮ፣ የቤት ግድግዳ በስቶ፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የኢንሹራንስ ካሳ ያስወጣ ነበር። ቲማቲም በዚያ ፊት ምንድን ነው?

ለሰነፍ የሚሆነው አንዴ ተተክሎ የሚቆየው ነው። ሩባርብ፣ ሳስካቱን የሚባለው የአገሩ ፍሬ፣ በአገር ቤት ጫካ ከሚለቀመው እንጆሪ ጋር የሚዛመደው ራስቤሪ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት። እዚያ የሚዘልቀው መሐሉ ላይ ጠንካራ ዘንግ ያለው ዓይነት ነው፤ የሚተከለው በመስቀል ሰሞን ነው። አንዱ ራስ ይፈለፈላል፣ እያንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ጣት በሚያህል ጥልቀት፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይቀበራል። የደንቡ 15 ሴንቲ ሜትር እዚህ ቢያንስ ለአንድ ነገር ረባ። ከላዩ ገለባ ይጎዘጎዛል። ከዚያ ለስድስት ወር የሚሠራ ነገር የለም። ጉዝጓዙ መሬቱን ያሞቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፤ በካልጋሪ ዋና ሥራው ቅዝቃዜውን ባለበት ማቆየት ነው። ቺኑክ የሚባለው ከተራራው የሚወርድ ሞቃት ነፋስ በጃንዋሪ መካከል በረዶውን በሰዓታት ውስጥ ያቀልጠዋል፣ በማግስቱ ሁሉም ተመልሶ ይደርቃል። ከብርዱ ይልቅ ሥርን የሚጎዳው ይህ መፍታትና መጠንከር ነው። ከአገር ቤት በየጊዜው የሚመጣ «አሁንስ ሰላም ሊሆን ነው» የሚል ወሬ የለመደ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

በፋሲካ ሰሞን ቅጠሉ ብቅ ይላል። በደረቁ ሳምንታት ውሃ ይፈልጋል፤ ጉዝጓዙ ስላለ ብዙ አይደለም። በረዶ ቢወርድ ቅጠሉን ይቀዳዋል፣ ራሱ ግን ከመሬት በታች ነው። የሚነቀለው በፍልሰታ ጾም ነው፣ ለሽሮው ልክ። በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት ዓመት ይነካል፤ በኢትዮጵያ ግን በመስከረም ገብቶ በነሐሴ የሚወጣ፣ ልክ አንድ ዓመት የሚሞላ ተክል ነው። ሥራው ተደምሮ ጥቂት ከሰዓቶች ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ሌላ ክብደት ይመጣል። ቲማቲም ልፋት ይጠይቃል፣ ቃል ግን አያስገባም፤ በሜይ ተተክሎ በሴፕቴምበር ያለቀለት ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚተክል ሰው ለከርሞ ነሐሴ እዚያው እንደሚሆን እየተናገረ ነው። ሩባርብ የሚተክል ደግሞ ስለ ዐሥር ዓመት፣ ምናልባትም ስለ ሃያ ነው የሚናገረው። ልፋቱ ባነሰ ቁጥር ቃሉ ይረዝማል። ወገቡን እያመካኘ ሣር የሚያጭደው ሰውም ምናልባት የሚሸሸው ቁፋሮውን አይደለም። ሣር በየሳምንቱ ይታጨዳል፤ ከሩባርብ ይበልጣል ልፋቱ። ግን ምንም አያስፈርምም። «ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እገባለሁ» እያለ ዐሥራ አምስት ዓመት የኖረ ሰው ቋሚ ተክል መቅበር የሚከብደው በክንድ አይደለም።

ዕፅዋት ይህ ጣጣ የለባቸውም። ጎመን ዘር፣ ሳይንሱ ብራሲካ ካሪናታ የሚለው የሐበሻ ጎመን፣ በካናዳ ሜዳ ላይ በትራክተር ተዘርቷል፤ ለወጥ ሳይሆን ለዘይቱ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል አንድ ጄት አውሮፕላን ምንም የድንጋይ ዘይት ሳይቀላቀልበት፣ ከዚሁ ዘይት በተሠራ ነዳጅ አብርሯል። ጎመኑ አገሩን ከዳ የሚለው የለም። ሰው ግን ሥር ሲሰድ የሆነ ቦታ የሚሰማ ይመስለዋል።

በሌላ ወገን የሚባል አለ፣ ተገቢም ነው። በሰው ቤት ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው የሚተክልበት የለውም፤ ስለ ቋሚ ተክል የሚነገረው ሁሉ ለእሱ ቅንጦት ነው። በእርግጥ ትኬቱን የቆረጠ ሰውም ሩባርብ አለመትከሉ ስንፍና ሳይሆን ታማኝነት ነው፤ የማይጠብቀውን ነገር ተክሎ መሄድ የፉኩኦካን ዛፎች መድገም ነው። የሚከብደው የመሐከለኛው ጉዳይ ነው፣ የማይሄደውም የማይቀመጠውም። እሱን በዳይ ማለት ጭካኔ ነው። ንጹሕ ነው ማለትም ያስቸግራል፣ በዚያ ቤት የሚያድጉ ልጆች አባታቸው ሁልጊዜ ሊነሳ እንዳለ እንግዳ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያዩታልና።

አንድ መስቀል፣ ደመራው ተቃጥሎ፣ ልብሱ ጢስ ጢስ እየሸተተ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ይታሰብ። ማታ ሥራ የለውም። ከሣሩ ጥግ አንዲት መደብ ከፍቷል፣ አርባ ፍሬ ቀብሯል፤ ትልቋ ልጁ ርቀቱን በማስመሪያ ለክታለች። ስልኩ ይጠራል።

«እንኳን አደረሰህ። ዛሬስ ምን ሠራህ?»

«ነጭ ሽንኩርት ተከልኩ እማ።»

«እሰይ! መቼ ይደርሳል?»

«ለፍልሰታ።»

ስልኩ ጥቂት ዝም ይላል። ቀን መቁጠር ታውቅበታለች።

«እንግዲያ ዘንድሮም አትመጣም» ትላለች። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ብቻ ጉዝጓዙን አታሳሳው፣ ውርጩ እንዳይመታብህ።»