የወታደር ሚስት በባሕር ማዶ

ምእመናን ሆይ፤ ወታደር ታዞ ባሕር ሲሻገር፥ ሚስቱ ማንም ያላዘዛትን መንገድ አብራው ትሄዳለች። ከ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1946) ጀምሮ የአሜሪካ ወታደሮች ቤተ ሰቦች በጀርመን አገር ኖረዋል፤ ዛሬም በራምሽታይን አካባቢ ብዙ ሺህ ናቸው። በጦር ሰፈሩ አጥር ውስጥ የአገራቸው ገበያና ትምህርት ቤት ስላለ፥ አንዲት ሴት የጎረቤቷን ቋንቋ ሳትማር 3 ዓመቷን ልትፈጽም ትችላለች። ይህ ምቾት ይመስላል፤ እኛ ግን ብቸኝነት እንለዋለን። ባልዋ ለዘመቻ ሲወጣ አጥሩ አያጽናናትም።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ፥ አትክልት እንዲተክሉና ለሚኖሩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዘ። እርስዋ በእርግጥ ምርኮኛ አይደለችም፤ ነገር ግን «እሄዳለሁና ለምን እተክላለሁ?» የሚለው አሳብ ያው ነው። እንዲህ ያለች ሴት ወደ ካህን ብትመጣ፥ ስለ ትዕግሥት ከማስተማሩ በፊት የጎረቤቷን ስም ይጠይቃት፤ ካላወቀችውም አብሯት ሄዶ በሩን ያንኳኳ።