ገበያው የት ይቁም? ስለ ቦታ ምርጫና ስለ ፍትሕ

አንድ ማኅበረሰብ ለገበሬዎቹ ቋሚ የገበያ ቦታ ለመምረጥ ሲሰበሰብ በመጀመሪያ የሚነሡት ጥያቄዎች የመሬት ጥያቄዎች ናቸው። ሜዳው ይበቃል ወይ? መኪና ይገባበታል ወይ? በክረምት ውሃ ይተኛበታል ወይ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከነዚህ በስተጀርባ በመሐንዲስ ሜትር የማይለካ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የዚህን ቦታ ድካም የሚሸከመው ማን ነው? ጥቅሙንስ የሚያገኘው ማን ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ይህንኑ ነው። ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን መካከል ብዙዎች በየአካባቢያቸው በሽማግሌነትና በኮሚቴ አባልነት ስለሚመረጡ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

በአገራችን ገበያ ዕቃ የሚለወጥበት ስፍራ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በቀድሞው ዘመን አዋጅ የሚነገረው በገበያ ነበር። ዛሬም በገጠር መርዶ የሚሰማው፣ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኘው፣ ለሽምግልና ቀጠሮ የሚያዘው፣ የተሰበረ ማረሻ ለባለእጅ የሚሰጠው በገበያ ቀን ነው። የጎረቤት ገበያዎች ቀናቸውን ተካፍለው አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ሐሙስ፣ ሌላውም ቅዳሜ ይቆማሉ፤ የሳምንቱ ኑሮም በነርሱ ይለካል። ስለዚህ «ቋሚ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። ቋሚ ቦታ መስጠት ለገበሬው ቃል መግባት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ገዢ በዚሁ ይጠብቅሃል ማለት ነው። እርሱም ይህን ቃል አምኖ ዘር ይመርጣል፣ አህያ ይገዛል፣ ይበደራል።

ቦታና ዋጋ

የገበያ ርቀት የሚከፈለው በእግር ብቻ ይመስለናል፤ የሚከፈለው ግን በዋጋም ነው። ሁለት ገበሬዎችን እናስብ። አንደኛው ቤቱ ከገበያው አጠገብ ነው፤ ሁለተኛዋ ቲማቲሟን ተሸክማ የሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዛ የመጣች እናት ናት። በጠዋት ሁለቱም እኩል ይመስላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ልዩነታቸው ይገለጣል። ባለቅርቡ የቀረበለት ዋጋ ካልጣመው ዕቃውን ይዞ ይገባል፤ ማታ አስቦ ነገ ይሸጣል። ባለሩቋ ግን ከመምሸቱ በፊት ወንዙን መሻገር አለባት፤ ቤት ልጆች ይጠብቋታል፤ ቲማቲምም የሚቀጥለውን ገበያ አይጠብቅም። ስለዚህ የተባለችውን ተቀብላ ትሄዳለች። በመንገድ አፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ደላላ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

«እንቢ፣ አልሸጥም» ለማለት መቻል የዋጋ ክርክር ሁሉ መሠረት ነው። ይህን ነጻነት ከአንዱ ወስዶ ለሌላው የሚሰጠው አንዳንድ ጊዜ የገዢው ክፋት ሳይሆን የቦታው ርቀት ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ ሲያስተምር፣ ሻጩ የገዢውን ልዩ ችግር ተመልክቶ ዋጋ ሊያንር እንደማይገባው ገልጿል፤ የሌላው ችግር የሻጩ ንብረት አይደለምና። ይህ ትምህርት ተገላቢጦሹንም እንድናስብ ያደርገናል። የሻጯ ድካምና የመሸባት መንገድ የገዢው ንብረት አይደለም። እንግዲያውስ ገበያውን ስንተክል እንዲህ ያለውን ችግር በገዛ እጃችን የምንፈጥር ከሆነ፣ በኋላ ስለ ትክክለኛ ዋጋ የምንሰጠው ምክር ምን ዋጋ ይኖረዋል?

መካከል የቱ ነው?

በስብሰባ ላይ «መካከል ላይ ይሁን» ሲባል ሁሉም ይስማማል። ችግሩ መካከል የቱ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ነው። ለምሳሌ ያህል 300 ቤተሰብ የሚኖርባት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከርሷ ሁለት ሰዓት የሚርቅ 60 ቤተሰብ ያለበት መንደር፣ በዚያው መንገድ ሦስት ሰዓት የሚርቅ 40 ቤተሰብ ያለበት ሌላ መንደር አሉ እንበል። የሁሉንም ሰው የእግር ጉዞ ደምረን ድምሩ ያነሰበትን ቦታ ብንፈልግ መልሱ ከተማዋ ትሆናለች። 300ው ምንም አይሄዱም፤ ድምሩም ያንሳል። ነገር ግን ድምሩ ያነሰው በስተመጨረሻ ያሉት 40ዎቹ በየሳምንቱ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ስለሚሄዱ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ድካሙ ግን በጥቂቶች ጀርባ ላይ ተከማችቷል።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ፍትሕን ሲተነትን፣ የተበደለውን ለመካስ ከሚሰጠው ፍትሕ ሌላ፣ የጋራ የሆነውን ነገር በሚገባ መጠን የማከፋፈል ፍትሕ እንዳለ አስተምሯል። የሚከፋፈለውም ጥቅም ብቻ ሳይሆን ሸክምም እንደ ሆነ እኛ አገር የታወቀ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል ይህንኑ ያሳያል። የሎሚው ቁጥር በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በአከፋፈሉ ላይ ነው።

በወሎ በየሳምንቱ ሰኞ የሚቆመው የባቲ ገበያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ባቲ የምትገኘው ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ በሚወረድበት ጠርዝ ላይ ነው። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይወጣል። ከሁለቱ የአንዱም ደጃፍ ያልሆነው ቦታ የሁለቱም ገበያ ሆነ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ስለ ደከሙ አንዱ ብቻውን አልደከመም።

ይሁን እንጂ ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ብቻውን ልንከተለው አንችልም። ከሩቅ ለሚመጣው አዝነን ገበያውን በሁለቱ መንደሮች መካከል ባለው ገላጣ ሜዳ ብንተክለው፣ የከተማው ገዢ አልመጣ ሊል ይችላል። ገዢ የሌለበት ገበያ ለማንም አይጠቅምም። ያቺ እናት የምትሄደው መንገድ ያጥርላታል፤ ዕቃዋ ግን ሳይሸጥ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የገዢው ብዛት፣ የመኪናው መንገድና ንጹሕ ውሃው ገበያውን ወደ ከተማው ይስበዋል። ይህም በራሱ ግፍ አይደለም። ግፍ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ በሩቆቹ ላይ የወደቀው ሸክም እንደሌለ ሆኖ ሲቆጠር ነው።

የሚወስነው ማን ነው?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያዋ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ ከተማይቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ዘመን፣ ነጮችንና የአገሩን ተወላጆች በሰፈር ለመለያየት በወጣው ዕቅድ መሠረት ገበያው ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። መርካቶ የሚለው ስምም «ገበያ» ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የቀረ ነው። ዛሬ መርካቶ እጅግ ገንኖ ስናየው «ውሳኔው መልካም ነበር» የሚል ሊኖር ይችላል። እኛ ግን የገበያው ማደግ የውሳኔውን ፍትሐዊነት አያስረዳም እንላለን። ሰውን ከሰው ለመለየት የተመረጠውን ቦታ የመገናኛ ቦታ ያደረጉት፣ ሳይጠየቁ የተዛወሩት ሰዎችና ልጆቻቸው በላባቸው ነው። ምስጋናው የነርሱ እንጂ የወሳኙ አይደለም።

ከቅርቡ ጊዜም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲከሠት በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጃን ሜዳ በዓለ ጥምቀት የሚከበርበት ስፍራ በመሆኑም በ2013 ዓ.ም. ከበዓሉ በፊት እንደገና ተነሥቶ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ሄደ። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ስፍራ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ከምክንያቶቹ ጋር ክርክር የለንም። ነገር ግን ቦታ በተለወጠ ቁጥር ምርት ጭኖ የሚመጣው፣ በጀርባው ተሸክሞ የሚያራግፈው፣ ከዚያ ገዝታ በሰፈሯ ጉልት የምትቸረችረው ሁሉ ኑሮውን እንደ አዲስ ማስላት አለበት። ጊዜያዊ ነገር በጊዜያዊነቱ፣ ቋሚውም በቋሚነቱ መነገር የሚገባው ስለዚህ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት ማኅበራዊ መልእክት፣ ትንሹ ማኅበር በራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ ትልቁ ሊነጥቀው እንደማይገባ አስተምረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክት፣ የመሸጫና የማጓጓዣ አውታሮች ለትልልቅ ድርጅቶች እንዲመቹ ሆነው ስለሚሠሩ ትናንሽ አምራቾች እንደሚቸገሩ አመልክተዋል። ይህ ትምህርት ወደ መንደራችን ሲወርድ ትርጉሙ ቀላል ነው። የገበያ ቦታ ለመምረጥ የሚጠራው ስብሰባ በሥራ ቀን፣ በከተማው አዳራሽ ከሆነ የሚሰማው የከተማው ድምፅ ብቻ ነው። ሸክሙን በጀርባቸው የሚያመላልሱት ሴቶች ባልተገኙበት ጉባኤ ስለ ሸክም መወሰን አይገባም። በታሰበው ቦታ ዙሪያ መሬት ወይም መጋዘን ያለውም ሰው ይህን አስቀድሞ ተናግሮ ከድምፅ መስጠት ራሱን ሊያገል ይገባዋል።

አንዳንድ ጊዜ «በቁምስናችን ደጃፍ ይሁን» የሚል ሐሳብ ከእኛው ወገን ይነሣል። ሜዳው ሰፊ፣ ጥላው ብዙ ከሆነ ሐሳቡ በቅንነት ሊመዘን ይችላል። ነገር ግን ገበያ የሁሉም ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት ሊቆምበት ይገባል። የቤተ ክርስቲያን መሬት ለገበሬው ከሁሉ የሚሻል ከሆነ እንስጠው፤ የሚሻለው ለእኛ ክብር ብቻ ከሆነ ግን እንተወው።

የቀረውን ዕዳ መክፈል

ከላይ እንዳየነው ሁሉንም እኩል የሚያረካ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ቦታ መምረጥ የፍትሕ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ቦታው ሊያነሣው ያልቻለውን ሸክም ሥርዓቱ ሊያነሣው ይገባል። ከሩቅ የሚመጡት ከቀትር በፊት ሸጠው እንዲመለሱ ጥላ ያለበትና ለመግቢያው የቀረበው መደብ ለነርሱ ይቆይላቸው። ያልተሸጠ ዕቃ የሚያድርበት ጠንካራ ቁልፍ ያለው መጋዘን ይሠራ፤ ያን ጊዜ ያቺ እናት «እንቢ» ለማለት ትችላለች። በጭንቅላቱና በጀርባው ተሸክሞ ከሚመጣው ቀረጥ አይጠየቅ። ለከብት ማሠሪያ፣ ለሰው መጸዳጃና የሚጠጣ ውሃ ይዘጋጅ። የጎረቤት ገበያ የሚውልበት ቀን አይነካ፤ የእኛ ገበያ የሚደምቀው የሌላው ፈርሶ መሆን የለበትምና።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ነገር ግን ወጪው አዲስ የተፈጠረ አይደለም፤ እስከ አሁን የሩቆቹ ብቻ ሲከፍሉት የኖረ ነው። በገበያው ቅርበት የሚጠቀሙት ከዚሁ ጥቅም ጥቂቱን ቢያካፍሉ ምጽዋት እንደ ሰጡ ሊቆጠርላቸው አይገባም፤ ዕዳቸውን ከፈሉ እንጂ።

እንግዲህ በየአካባቢያችን እንዲህ ያለ ምርጫ ሲቀርብ፣ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች እንጠይቅ። ከሁሉ ርቆ ወደዚህ ገበያ የሚመጣው ማን ነው? ስሙን እናውቀዋለን ወይ? እርሱን ጠይቀነዋል ወይ? በምን ሰዓት ተነሥቶ በምን ሰዓት ይገባል? ለነዚህ መልስ ሳናገኝ የተከልነው ችካል፣ ሜዳው የቱንም ያህል ሰፊና የተስተካከለ ቢሆን፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ መተከሉን እርግጠኞች ልንሆን አንችልም።