ከመውደቋ በፊት የሚያውቃት ሰው

ኤድዋርድ ማይብሪጅን ዓለም የሚያስታውሰው በፈረስ ነው። የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሩ ከመሬት የሚነሳበት ቅጽበት እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1878 በፎቶግራፍ ያሳየ ሰው ነው። እኔ ግን ስሙ ሲነሳ ትዝ የሚለኝ ፍርድ ቤቱ ነው።

በ1860 ማይብሪጅ የሳን ፍራንሲስኮ መጽሐፍ ነጋዴ ነበር። ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ የተሳፈረበት ሠረገላ ቴክሳስ ውስጥ ተገለበጠና ራሱን ክፉኛ ተመታ። ሲነቃ ያለፉትን ቀናት አያስታውስም፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ ሽታና ጣዕም ጠፍቶበታል። ወራት ፈጅቶ ታከመ። ከ14 ዓመት በኋላ የሚስቱን ውሽማ ተኩሶ ገደለ። በ1875 ናፓ ከተማ ለፍርድ ሲቀርብ ጠበቃው የድሮ ወዳጆቹን ለምስክርነት አቆመ። ከአደጋው በፊት ሰው የሚወደው ጨዋ ነጋዴ ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በረባ ባልረባው የሚነድ፣ ስሜቱን መግታት የተሳነው ሌላ ሰው ሆነ። ፈራጆቹ የእብደቱን ክርክር አልተቀበሉም፤ በነጻ የለቀቁት ባል ለክብሩ ቢገድል ተገቢ ነው ብለው ነው። ያ ፍርድ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ እንለፈው።

ቁም ነገሩ ያለው ምስክሮቹ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። የተለወጠውን ያዩት ሰውየውን ከመውደቁ በፊት የሚያውቁት ብቻ ናቸው።

የማይብሪጅ ጉዳት ከባድ ነበር። ሐኪሞች «ቀላል» የሚሉት ሌላ ነው፦ ሰው ጭራሽ ራሱን ሳይስት፣ ቢስትም ከ30 ደቂቃ ሳያልፍ፣ መደናገሩም በ24 ሰዓት ውስጥ ሲለቀው። ቃሉ ግን ያሳስታል። አንጎል ጭንቅላት ውስጥ ሲናጥ ከዓይን በላይ ያለው የፊተኛው ክፍል ከሻካራው አጥንት ጋር ይጋጫል፤ ክፍልን ከክፍል የሚያገናኙ ቀጫጭን ክሮችም ይለጠጣሉ። ፍርሃትንና ቁጣን ቶሎ የሚቀሰቅስ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል ወደ ውስጥ አለ፤ የፊተኛው ክፍል ደግሞ «ቆይ፣ ረጋ በል» የሚለው ልጓሙ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ሲዳከም ልጓሙ ይላላል። እንቅልፍ ማጣቱና ራስ ምታቱ ይጨመርበታል። ሰውየው ድምፅ ያበሳጨዋል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፣ ይሰጋል። ሲቲ ስካን ቢነሳ ብዙ ጊዜ ንጹህ ይወጣል፤ የተለጠጠ ክር አያሳይምና።

አሁን ወደ ሪያዱ ሱወይዲ ሰፈር እንምጣ። አንዲት የቤት ሠራተኛ ልጅ ደረጃ ስታጸዳ አዳልጧት ወደቀች እንበል። ደም የለም፣ ስብራት የለም፤ ማታውኑ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሳምንቱ ልጆቹ ሲጮኹ ትቆጣለች፣ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች። ማዳሟ «ጠባይዋ ተበላሸ» ትላለች፤ ከመጣች ሁለት ወር ያልሞላትን ልጅ ጠባይ ከየት ታውቀዋለች? ጓደኞቿም ዓይን በላት ወይም ጂን ለከፋት ይላሉ። ሩቅያውም ፀበሉም ይቅር አልልም፤ ልብ ያረጋጋል። መውደቋን ግን የሚያነሳ የለም፤ እርሷም ሥራዬን አጣለሁ ብላ ደብቃዋለች። ናፓ ላይ የቆሙት ዓይነት ምስክሮች ያሏት አገር ቤት ነው።

አብዛኛው ሰው ከቀላል ጉዳት በሳምንታት፣ ግፋ ቢል በሦስት ወር ውስጥ ይድናል። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ማረፍ፣ ከዚያ ሥራውን ቀስ በቀስ መጀመር፣ በደንብ መተኛት፣ በዚያ ሰሞን ራስን ሌላ ምት አለማስመታት ነው መድኃኒቱ። ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም አልነቃ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ነገን አትጠብቁ፤ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።

የወደቃችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ ማታ ኢሞ ላይ እናታችሁ «ምነው፣ እንዲህ አልነበርሽም» ብትል አትቆጧት። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠይቋትና ለሐኪሙ ንገሩት።