ባለቤቱን የተለየ በሬ



ገበሬ በሬውን በስሙ ይጠራዋል፤ ድካሙንና ሕመሙን ከአረማመዱ ይለያል። እንስሳውን ከጭካኔ የሚጠብቀው ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ትውውቅ ነው። በሬው በተሸጠ ዕለት ግን ትውውቁ ያበቃል። ከቦረና በዲላና በሐዋሳ በኩል ወደ ሞጆና አዳማ በሚወስደው መንገድ ከብቶች በጭነት መኪና ተጨናንቀው ያልፋሉ፤ የወደቀው በሌሎቹ እግር ይረገጣል። በበዓል ዋዜማም ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥለው ይወሰዳሉ። ሻጩ ሸጧል፤ ሾፌሩ የጫኑለትን ያደርሳል፤ በላተኛው ሥጋውን ብቻ ያያል። ታዲያ ትውውቅ በሌለበት ስፍራ የእንስሳው ጠባቂ ማን ነው?

ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ መጨከንን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። ይሁን እንጂ በመኪናው ላይ ያለው ሥቃይ በአብዛኛው ከቁጣ ሳይሆን ከጥድፊያና ከትርፍ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የጭነቱን ልክ፣ ውኃውንና ዕረፍቱን፣ የዕርዱን ሥርዓት አስቀድሞ የሚወስንና በተቆጣጣሪ የሚጸና ደንብ ያስፈልጋል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም ስለ ማጓጓዝና ስለ ዕርድ መመዘኛዎችን ማውጣት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

«ሰው ሳይጠግብ ለከብት ሕግ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ክብደት አለው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2416–2418) ለእንስሳት ደግነት እንደሚገባ ሲያስተምር፣ ለድኾች የሚገባው ገንዘብ ለእንስሳት እንዳይውል ያሳስባል። ነገር ግን ጭነትን መቀነስ ወጪ ቢኖረውም የድኻውን እንጀራ መንጠቅ አይደለም። የሙሴ ሕግ የሰንበትን ዕረፍት ለበሬና ለአህያ ሲሰጥ፣ ለአገልጋዩና ለመጻተኛው የሰጠው በዚያው ትእዛዝ ነው (ዘጸ 23፡12)። ምሕረት ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚጎድል ራሽን አይደለም።

በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ ሕዝብ ተቃውሞት ተዘግቷል። ድምፅ እንደሚሰማ ይህ አሳይቶናል። ሆኖም ለአህያ የተናገርነው ሥጋውን ስለማንበላ ብቻ ከሆነ፣ ሥጋውን ለምንበላው በሬ ዕዳችን ይበልጥ ይከብዳል።

እንግዲህ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ይህን ለነጋዴውም ለሾፌሩም ያስተምሩ፤ ምእመናን የሚያዩትን ለግብርና ጽሕፈት ቤትና ለእንስሳት ሐኪም ያመልክቱ፤ የተሻለ ደንብም ይጠይቁ። እስከዚያው ድረስ፣ ዶሮውን በቅርጫት ይዞ ወደ ቤት ለመግባት አዋጅ መጠበቅ አያሻንም።